ግድግዳው ውስጥ ያለው ግማሽ ኢንች

ሰኞ፣ ኦክቶበር 5

ዝናብ። አርባ ሁለት ላም አልቤ ስገባ ስልኩ ይጮሃል። ያቺ አሥራ ሰባት ቁጥር ላም ዛሬም ክንዴን በእርግጫ ብላኛለች። ቡቱን እንኳ ሳላወልቅ አነሳሁት።

የወረዳው ነርስ ሲስተር አሱምታ ናት። እማዬ ከሆስፒታል መውጣት ትችላለች አለች። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ስምንት ሳምንት ይህን ቃል ስጠብቅ… ደስ ሊለኝ ስል "ግን" አለች። እማዬ እግሯን አንስታ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መግባት አትችልም። ግራ ጎኗ ሙቀትም ሆነ ብርድ አይሰማውም። ተቀምጣ የምትታጠብበት ሻወር ካልተሠራ ቤት አትገባም። ከተማው ውስጥ ያለው የአረጋውያን ማቆያ አንድ አልጋ ይዞላታል፣ እስከ አርብ 16።

"ረቡዕ 14 መጥቼ አየዋለሁ። ካልሆነ የማቆያውን አልጋ እንወስድላታለን።"

እዚያ ገብቶ ተመልሶ የመጣ ሰው አላውቅም። አንድም።

ደብሊን ለወንድሜ ለማላኪ ደወልኩለት። "ጃርላት ይሠራዋል" አለ ወዲያው። ጃርላት የአክስታችን ልጅ ነው፣ ቧንቧ ሠራተኛ። "ሌላ ሰው እንዳትጠሪ። እሱ እያለ ባዕድ ብናስገባ አክስቴ እስክትሞት አትረሳውም።" እውነቱን ነው፣ አትረሳም። ቀጠለና "ደግሞ ቅዳሴው 22 ነው። ኮሪደሩን አዲስ ወረቀት አለብሰዋለሁ" አለ። ቄሱ በየበልጉና በየመኸሩ ተራ በገባው ቤት እየመጡ ይቀድሳሉ፣ ዘንድሮ ተራው የኛ ነው። ሠፈሩ ሁሉ ወጥ ቤታችን ሊቆም።

ስለ ወረቀቱ ቀለም ጠየቀኝ። እማዬ ደህና አድራ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 8

ጃርላት መጣ። ሻዩን ጠጣ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ያለውን የቦይለር ቁም ሳጥን ከፍቶ ብዙ ቆየ። የውሃው ታንከር ጣሪያው ሥር ነው። ቀዝቃዛው ከዚያ በኮሪደሩ ግድግዳ ውስጥ ይወርዳል፣ በአንድ ቧንቧ፣ ግማሽ ኢንች። አባታችን በ1968 የቀበረው። ሽንት ቤቱም የሚጠጣው ከሱ ነው። ለሻወሩ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ከቦይለሩ ጎን ሊቀመጥ ነው፣ ቀዝቃዛውን ከዚያው ቧንቧ ሊስብ።

"ይጠባል" አልኩት።

"ምኑ?"

"ቧንቧው ነዋ። ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ወፍራም ይሁን፣ ሦስት አራተኛ ኢንች። ለብቻው። ከፓምፑ ወዲያ ብታቀጥነውም ግድ የለም።"

እንዴት አወቅሽ አላለኝም። ነግሬዋለሁ ግን። አባታችን በሞተ ዓመት የላም ማለቢያ ማሽኑን ስጠግን የመሳቢያውን መስመር በቀጭን ቱቦ ቀየርኩት፣ የተገኘው እሱ ነበር። ሞተሩ ያው ሞተር። ጠዋት ላሞቹ ጡት ላይ ያደረግኳቸው ጎማዎች እየተላቀቁ ወደቁ። ሞተር ያልደረሰውን ከየት አምጥቶ ይስባል? ጉልበቱ ምንም ቢሆን የሚያልፈው በበሩ ስፋት ልክ ነው።

ጃርላት ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። "ለሱ ግድግዳው መፍረስ አለበት" አለ። "ማላኪን ልጠይቀው።"

ማላኪን! በዚህ ቤት የምኖረው እኔ። የእማዬን ገላ የማጥብ እኔ። ማላኪን ሊጠይቀው… ሻይ ጨመርኩለት።

አርብ፣ ኦክቶበር 9

ማላኪ ደረሰ። ስድስት ጥቅል ወረቀት፣ ክሬም ቀለም፣ ቅጠል ቅጠል ያለበት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 10

ቆሽቴ አሯል።

ከጠዋቱ እለባ ስመለስ ኮሪደሩ በወረቀት ተለብጦ አልቋል። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ነው የለጠፈው። ጃርላት ሲመጣ ግድግዳው እንዳይነካ! አውቆ ነው። ከትንሽነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ።

"ማላኪ፣ ቧንቧው ሳይቀየር ለምን ለጠፍከው?"

"ቧንቧው ሠላሳ ዓመት ውሃ አምጥቷል።"

"ያለ ፓምፕ ነዋ ያመጣው።"

"ፓምፑ ይስበዋል። ሥራው ምን ሆነና?"

እንደገና ስለ ማለቢያው ነገርኩት። ሳቀ። "ዴርቭላ፣ እማዬን ከላም ጋር አንድ አደረግሻት እንዴ?" ዕቃውን ይዞ የገባው ጃርላትም ፈገግ አለ፣ ግን ወዲያው አቀርቅሮ መፍቻ መፈለግ ጀመረ። መፍቻው እጁ ላይ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ከፓምፑ ወዲያ ያለው ሁሉ ወፍራም ሆነ። የሚያብረቀርቅ፣ ሴራሚኩ ላይ ከውጭ የታሰረ፣ ሰው እንዲያየው። የሻወሩ ራስ የእራት ሰሃን ያክላል። ማላኪ አንድ ሆቴል ውስጥ ያየው ነው። የሚታየው በወፍራም፣ የማይታየው በቀጭን። ይኸው ነው የኛ ቤት። አባታችንም የቤቱን ፊት ለፊት ብቻ ነበር ኖራ የሚቀባው።

ማታ ላሞቹን ሳልብ ለአሥራ ሰባት ቁጥር ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ቢያንስ ትራገጣለች።

እሑድ፣ ኦክቶበር 11

ሆስፒታል። እማዬ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቃላቷ ግማሽ ግማሽ ነው፣ ግን እኔ እሰማታለሁ። ፀጉሯ ተጣብቋል። በሳምንት አንዴ ነው የሚያጥቧት፣ እሱም በጨርቅ። ቤት ሆና ፀጉሯን ሳትታጠብ ያደረችበትን ቅዳሜ አላስታውስም።

ሻይ አመጡላት። ቀና ብዬ ሳይ ግራ እጇ ትኩሱ የሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ ተለጥፏል፣ እሷ እኔን እያየች ስለ ጥጃዎቹ ትጠይቃለች። አንስቼ ሳየው መዳፏ ቀልቷል። አልሰማትም። ጭራሽ አልሰማትም።

ነገሩን ነገርኳት፣ የቧንቧውን፣ የወረቀቱን። ትሰማኛለች። ከዚያ ቀኝ እጇን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"አትናገሪ። ይሉኝታ… ጃርላት… የእህቴ ልጅ።"

ይሉኝታ። ግማሽ አፏ ሞቶ ያቺ ቃል ግን አልሞተችም። ስንት ዓመት ሙሉ? ሰው ምን ይላል፣ ዝም በይ፣ እንዳይከፋው፣ እንዳይሰሙ… ተናድጄባታለሁ። በታመመች እናቴ ተናድጄባታለሁ፣ እዚህ ብጽፈው ማን ያየኛል? እጇን ስሜ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 12

ሻወሩ ውስጥ ራሴ ገባሁ። ልብሴን አውልቄ የእማዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ከፈትኩት። መጀመሪያ ጥሩ። ለብ ያለ፣ ብዙ ውሃ። ለአፍታ ማላኪ ልክ ነው ይሆን ብዬ ነበር።

ከዚያ እጄን ዘርግቼ የሽንት ቤቱን ውሃ ለቀቅኩት። እስከ ስድስት ቆጠርኩ። ፓምፑ እንደ ታነቀ ሰው ማጓራት ጀመረ፣ ቀዝቃዛው ወደ ሽንት ቤቱ ሄደ፣ የቦይለሩ ፍል ብቻውን ትከሻዬ ላይ ወረደ። ዘልዬ ወጣሁ። እኔ ዘልዬ ወጣሁ። እሷስ? እሷ ቁጭ ብላ ስለ ጥጃዎቹ ትጠይቃለች።

ትከሻዬ እስከ አሁን ቀይ ነው።

ደብሊን ለተመለሰው ማላኪ ደወልኩ። "እሷ ስትታጠብ ሽንት ቤት አትጠቀሙ፣ አለቀ" አለኝ። ረቡዕ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፣ ሲስተሯን እኔ አናግራታለሁ አለ። ለጃርላት ደወልኩ። ሚስቱ የለም አለችኝ። ከጀርባዋ ሲያስል ሰማሁት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ግን ሌላ የት አደርገዋለሁ?

ሲስተር አሱምታ መጣች። ቁጥብ ሴት ናት፣ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ ጠርጋ ገባች። ማላኪ ከረባት አስሯል። ጃርላትም መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። መያዣ ብረቱን ነቅንቃ አየች። ወንበሩን በክብደቷ ተጫነችው። "ጎበዝ" አለች። ሻወሩን ከፍታ ክንዷን ከሥሩ አደረገች። ለብ ያለ። ማላኪ በኩራት አየኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ወደ ማላኪ አይደለም፣ ወደ ጃርላትም አይደለም።

"የምታጥቢያት አንቺ ነሽ። ሞክረሽዋል? ችግር አለው?"

ትከሻዬ ሹራቤ ሥር ያቃጥለኛል። ጃርላት መሬት መሬት ያያል። ባዕድ ሰው ፊት፣ በገዛ ቤታችን፣ የአክስቴን ልጅ…

"የለውም" አልኩ።

የለውም። ይህ ቃል የወጣው ከኔ አፍ ነው። አሥር ቀን እዚህ ደብተር ላይ ስጮህ የከረምኩት ሴትዮ።

"እሺ" አለች፣ ክንዷን ሳታነሳ በሌላ እጇ የሽንት ቤቱን ውሃ ለቀቀችው። ሥራዋ ነው ለካ፣ ሁልጊዜ ታደርገዋለች። ፓምፑ አጓራ። ክንዷን ሰብስባ ዘጋችው። ቀልቷል። ማላኪ "ትናንት እኮ ደህና…" ብሎ ጀመረ። ትናንት እሱ ደብሊን ነበር።

ሲስተሯ ክንዷን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዛ እኔን አየችኝ። ብዙ አየችኝ።

"ታውቂ ነበር" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

"አዎ።"

"እናትሽ ቆዳዋ እስኪላጥ አትነግርሽም።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲህ አርብ አልጋውን ልወስድላት ነው።"

ማላኪ እስከ መኪናዋ ተከትሏት ሲለፈልፍ በመስኮት አየሁት። እሷ ቀበቶዋን ታስራለች። ከዚያ እሱም ሄደ፣ ለኔ "አይተሽ ዝም ትያለሽ?" ብሎኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ግን… ግማሹ እውነት ነው፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። በማላኪ ተናድጄ አልጨረስኩም፣ በጃርላት ተናድጄ አልጨረስኩም፣ ሁሉም ወረፋ ይጠብቁ። ዛሬ ተራው የኔ ነው።

እናቴን በአንዲት ቃል ልሸጣት ነበር። ሰው እንዳያፍር።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 15

ጠዋት አለብኩ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ደውዬ ሲስተር አሱምታን አስጠራኋት። "ዋሽቼሻለሁ። ይቅርታ። ነገ እኩለ ቀን ተመልሰሽ እይልኝ። ካልተስተካከለ የአልጋውን ወረቀት ራሴ እፈርምልሻለሁ።" "በስድስት ሰዓት" አለች። ዘጋችው።

የገበሬዎቹ ማኅበር ሱቅ ሄጄ ሦስት አራተኛ ኢንች የመዳብ ቧንቧ አነሳሁ። ረጃጅሙን ትራክተሩ ላይ አስሬ ጃርላት በር ላይ ቆምኩ። ሚስቱ ከፈተች። "የለም" ልትል አፏን ስትከፍት "አለ፣ ሲያስል ሰምቼዋለሁ" አልኳት።

ቁርስ ላይ ነበር። ቆሜ ነው የነገርኩት፣ ሚስቱ እየሰማች። ሥራው አደገኛ ነው አልኩት። እናቴን ይልጣታል። ነገ ማቆያ ትገባለች፣ ያስገባናት እኛ ሦስታችን ነን፣ አንተ፣ ማላኪና እኔ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ገረመኝ።

ሹካውን አስቀመጠ። "መጀመሪያ ቀን ሳየው አውቄያለሁ" አለ።

"ታዲያ?"

"ማላኪ ግድግዳው አይነካም አለ። የሰው ቤት ቢሆን አልሠራም ብዬ ዕቃዬን ይዤ እሄድ ነበር። የአክስቴ ቤት ሆነብኝ። ለአክስቴ አልሠራም ይባላል?"

ጉድ ነው። ለባዕድ ደህና ቧንቧ፣ ለዘመድ ይሉኝታ። ባዕድ ብንጠራ ኖሮ እማዬ ቤቷ ነበረች ማለት ነው። ልስቅ ነበር፣ አልቻልኩም።

"ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ" አልኩት። "ተነስ። ግድግዳውን እኔ አፈርሰዋለሁ። ማላኪ ከጠየቀህ እሷ ናት በለው።"

አፈረስኩት። በመዶሻና በመሮ፣ ከኮርኒሱ እስከ ወለሉ። ክሬሙ ወረቀት ከነቅጠሉ ተቀደደ፣ የአባታችን ልስን ተንዶ ፀጉሬን ሞላው። ከአሥር ቀን ወዲህ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው። ሦስተኛው ምት ላይ ጃርላት "ኧረ ቀስ፣ ቤቱን ተይልን" አለ። ከልቡ ሳቀ፣ እኔም።

እሱ ታንከሩን አዲስ ቀዳዳ በሳው። የራሱ ቀዳዳ፣ የራሱ ቧንቧ፣ ሽንት ቤቱን የማያውቅ፣ ቀጥ ብሎ እስከ ፓምፑ። በየብየዳው መሃል ወደ እኔ ያያል፣ ልክ ነው እንድለው። ልክ ነው እለዋለሁ። የማታው እለባ አንድ ሰዓት ዘገየ፣ ላሞቹ በሩ ላይ ቆመው ሰደቡኝ።

አርብ፣ ኦክቶበር 16

መጣች። ሻወሩን ከፍታ ዓይኗን ወደ ሽንት ቤቱ ወረወረች። "ልቀቂው" አለችኝ። ለቀቅኩት። የወጥ ቤቱንም ውሃ ከፈትኩ፣ ልብስ ማጠቢያውንም አስነሳሁ፣ ያለውን ሁሉ። ክንዷን ከሥሩ አላነሳችም። እኔ በልቤ መቶ ቆጠርኩ።

"ማክሰኞ ትመጣለች" አለች።

የፈረሰውን ግድግዳ አየችው፣ ምንም አልጠየቀችም። ስትወጣ ስለ ተቃጠለው ክንዷ ይቅርታ ልላት ስል "ቅባት አለኝ" ብላ ቀደመችኝ።

ለማላኪ ደውዬ ሁለቱንም ነገርኩት። እማዬ እየመጣች ነው፣ ግድግዳህን አፍርሼዋለሁ። "ከቅዳሴው በፊት ማን ይለስነዋል?" አለኝ። ማንም፣ ልስኑ በስድስት ቀን አይደርቅም አልኩት። ዘጋብኝ። ይዝጋ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 20

እማዬ ቤት ናት። ለፍልፋ ደክሟት ተኛች። ስታንኮራፋ እሰማታለሁ፣ አሥር ሳምንት ናፍቆኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 22

ማላኪ ጠዋት ደረሰ፣ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሸክሞ። የክርስቶስ ቅዱስ ልብ ሥዕል፣ የእንግዳ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሁለት ያክላል። ከየት እንዳመጣው እንጃ። ቀዳዳው ላይ ሊሰቅለው ነው። ሥዕሉ ግማሹን ብቻ ሸፈነ። ከላይና ከታች ቧንቧው ያብረቀርቃል፣ ክርስቶስ ቧንቧ የዋጠ ይመስላል። እኔ ሳንድዊች እየቆረጥኩ ነበር። ነገር ላለመጀመር መቁረጤን ቀጠልኩ፣ ለእማዬ ስል።

እማዬ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ኮሪደሩ ጫፍ ነበረች። አየችው። ቀኝ እጇን አነሳች። ዝም በሉ ልትል ነው ብዬ ከንፈሯን ጠበቅኩ። እጇ ወደ ከንፈሯ አልሄደም። ወደ ሥዕሉ ጠቆመች።

"አውርደው።"

"እማዬ፣ ሰዉ ሊመጣ ነው፣ አባ ሎርካን…"

"ይታይ" አለች።

ማላኪ እኔን አየኝ፣ እኔ ያስተማርኳት መሰለው። አላስተማርኳትም። የሰማችውን ግን አውቃለሁ፣ ሁሉንም ነው የነገርኳት፣ "የለውም" ያልኩትንም። ያኔ ምንም አልመለሰችልኝም ነበር።

ሥዕሉን አወረደው።

ሰዉ መጣ። ሃያ ስድስት ሰው፣ ሁሉም በዚያ ኮሪደር እያለፈ፣ ሁሉም ቀዳዳውን እያየ እንዳላየ እየሆነ። አክስቴ ቀዳዳው ፊት ቆመች። ጃርላት ከኋላዋ ጆሮው ቀልቷል። አባ ሎርካን ካባቸውን እያጠለቁ "ግድግዳው ምን አገኘው?" አሉ፣ ለጨዋታ። ቤቱ ጭጭ አለ። የዚያ ዝምታ ሽታው አፍንጫዬ ላይ አለ፣ አድጌበታለሁ።

"ቧንቧው ቀጭን ነበር አባ" አልኩ። "እናቴን ሊያቃጥላት ነበር። ጃርላት ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር፣ ሁለታችንም አልተናገርንም። ማላኪም አልሰማም። አሁን ተቀይሯል።"

አክስቴ ልጇን ዞራ አየችው። ጃርላት "እውነቷን ነው" አለ። ምንም አልተናደም። ጣሪያው እንዳለ ነው። አባ ሎርካን "ጥሩ መዳብ ነው" ብለው ወደ ወጥ ቤት ገቡ፣ ቅዳሴው ተጀመረ። ከቅዳሴው በኋላ ሦስት ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው የቧንቧውን ውፍረት ጠየቁኝ። የነሱም ቤት ፓምፕ አለ። ማላኪ ሳህን አጠበ። አላናገረኝም፣ ግን ሳህን አጠበ።

ሰው ከሄደ በኋላ፣ ማታ ከማለቤ በፊት እማዬን ሻወር አስገባኋት። ሐሙስ ነው፣ ቅዳሜ አይደለም፣ ግን እምቢ አለች፣ ዛሬ ነው አለች። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት፣ ፀጉሯን በሻምፑ አሸሁላት። ዓይኗን ጨፍናለች። ቀኝ እጇን፣ የሚሰማውን፣ ከውሃው ሥር ዘረጋች።

"ልቀቂው" አለችኝ።

"ምኑን?"

በአገጯ ወደ ሽንት ቤቱ አመለከተች። ፈራሁ። አርብ መቶ ቆጥሬ እንኳ ፈራሁ። ለቀቅኩት። የሽንት ቤቱ ውሃ ሲወርድ፣ ከዚያ ሲሞላ ሁለታችንም ሰማነው። ፓምፑ አላጓራም፣ እጇም ከሻወሩ ሥር አልተነቃነቀም።

"እንዳለ ነው" አለች።